የሰይጣን ጫፍና የሰላም ኮረብታ

ኮሎምበስ ውስጥ ተራራ የለም። ይህን የምለው ከተማዋን ለማማት አይደለም። መኪና ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዋይንላንድ ፓርክ ተነስታችሁ በሃይ ስትሪት ወደ ሰሜን ብትነዱ፣ ክሊንተንቪልን አልፋችሁ ነዳጅ እስኪያልቅባችሁ ብትሄዱ፣ መኪናችሁ አንድም ቦታ ላይ አያቃስትም። እኔ የምሠራበት ዌርሃውስ አካባቢ ከፍ ያለ ነገር ቢኖር የሀይዌዩ ድልድይ ነው። በክረምት በረዶ ጠርገው ፓርኪንጉ ጥግ ላይ የሚቆልሉት ክምር ሁለተኛ ይወጣል፤ እሱም እስኪቀልጥ ድረስ ብቻ።

እንዲህ ባለ ከተማ የምኖር ሰው የስኮትላንድ ተራሮች አዋቂ ተብዬ፣ በሰው ሳሎን መሀል ቆሜ፣ የአንዲት ልጅ ትዳር እንዴት ምላሴ ላይ እንደተንጠለጠለ እስካሁን በደንብ አልገባኝም። ምናልባት ስጽፈው ይገባኝ ይሆናል።

ነገሩ የጀመረው ከግድግዳ ነው። የተከራየሁት አፓርትመንት ሳሎን ውስጥ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ቴሌቪዥኑን ከነማንጠልጠያው ነቅሎ ሲሄድ የተወው ቀዳዳ አለ። ለአከራዩ ቴክስት አደረግሁለት። "ኦን ማይ ዌይ" ብሎ መለሰልኝ። እስካሁን መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ያገለገሉ ዕቃዎች ወደሚሸጡበት ሱቅ ሄጄ ቀዳዳውን የሚሸፍን ሰፊ ነገር ፈለግሁ። በልክ የተገኙት ሁለት ነበሩ፤ አንዱ እንባ ያቀረረ ፈረስ ሥዕል፣ ሌላው የስኮትላንድ ተራሮች ካርታ። በየቀኑ ከሥራ ስገባ ፈረስ ማጽናናት ስለከበደኝ ካርታውን ገዛሁ።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ ደግሞ ይነበባል። የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። በካርታው ላይ ያሉት ስሞች እንግሊዝኛ አይደሉም። ፊደሎቹ ያው የምናውቃቸው ናቸው፤ አሰላለፋቸው ግን ከጆንያ ተዘርግፈው በእግር የተበተኑ ያስመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር ፊት ለፊቴ እያፈጠጠ እራት አይወርድልኝም። ዩቲዩብ ከፈትኩ፣ መዝገበ ቃላት አወረድኩ፣ አንድ ጢማም ሽማግሌ ስሞቹን እያነበበ የሚያሰማበት ቪዲዮ አገኘሁ። ቋንቋው ጌሊክ ይባላል፤ የዚያ አገር የደጋ ሰዎች ቋንቋ ነው። በምሳ እረፍት ሰዓት የሥራ ባልደረቦቼ ኳስ ሲያዩ እኔ ተራራ ስተረጉም ከረምኩ።

ትልቅ ምስጢር ጠብቄ ነበር። የመጀመሪያው ያ ሁሉ የፊደል ጋጋታ ሲፈታ "ቀይ ተራራ" ሆኖ ተገኘ። ደስ አለኝ። ሌላውን ፈታሁ፤ "ቀይ ተራራ"። የተሳሳትኩ መስሎኝ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ አሁንም ቀይ ተራራ። ወደ ምዕራብ ሄድኩ፤ "ትልቅ ተራራ"። ባሕር ተሻግሬ ወደ ደሴት ሄድኩ፤ "ትልቅ ተራራ" ቀድሞኝ ደርሶ ቁጭ ብሏል። ከሁሉ የከፋው ግን "ሰማያዊ ቁልል" የሚባለው ነው። በዙሪያው ያለው ሰንሰለት በሙሉ በእንግሊዝኛ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። የድሮ የአገሩ ሰዎች ግን ያንኑ ሰንሰለት "ቀያዮቹ ተራሮች" ይሉት ነበር። እንግዲህ ሰማያዊዎቹ ቀይ ናቸው ማለት ነው። ይህን ያወቅሁ ሰሞን ዌርሃውስ ውስጥ የሰማያዊውን መስመር ዕቃ ቀዩ መስመር ላይ ስጭን ሱፐርቫይዘሬ ደህና መሆኔን ጠየቀኝ።

ቆይቶ ትንሽ የገባኝ መሰለኝ። ስም ያወጡላቸው ሰዎች ለካርታ ብለው አላወጡም። እያንዳንዱ መንደር የሚያየው የራሱን ተራራ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ያለው ሸለቆ ሌላ ዓለም ነው፤ ማን ይሄድበታል? "ቀዩ" ሲሉ "ያ የእኛው ቀይ" ማለታቸው ነው። ሌላ ቀይ ይኖራል ብሎ ማን አሰበ። ከየትኛውም መንገድ እጅግ የራቀ የሚባለው ተራራ ደግሞ "ልጃገረዲቱ" ይባላል። ይህን ሳውቅ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለሰየማት ሰው አዘንኩለት።

አንድ ስም ግን አስቸገረኝ። ካርታው ላይ ከጌሊኩ ሥር በትንንሹ እንግሊዝኛ "የሰይጣን ጫፍ" ተብሎ ተጽፏል። ጌሊኩ ግን ጫፍ አይልም። የሰይጣን የሆነ ነገር ነው የሚለው፤ ነገሩ ወንድ ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ ያለው፣ በሰው ፊት ግን የማይጠራ ነው። ድሮ አንዲት ንግሥት በዚያ ስታልፍ "የዚያ ተራራ ስም ምን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች፤ የሚመራት ሰውዬ ደንግጦ "ጫፍ" አላት፤ በዚያው ጸደቀ ይባላል። ቤቴ የቸርቻችን ወጣቶች ጸሎት ተራ ሲደርሰው፣ ጌሊኩን የሚያነብ እንደማይኖር ባውቅም፣ እንግሊዝኛው ላይ "ሰይጣን" የሚለውን አይተው እንዳይገስጹት ብዬ ቢጫ ማስታወሻ ወረቀት ለጠፍኩበት።

ያን ቀን ከመጡት አንዷ ሜሮን ናት። ነርስ ናት፤ በቸርቻችን መዘምራን ውስጥ ድምጿ የሚለይ። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ካርታው ፊት ቆመች።

"ኦ ማይ ጋድ! ይሄ እኮ የፈርገስ አገር ነው!"

ፈርገስ ማን እንደሆነ በማግስቱ አየሁት። ቀይ ጢም ያለው፣ በሬን ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ እንደ እኔ ወሬ የማያበዛ ልጅ ነው። ጫማውን ማንም ሳይነግረው አወለቀ። ካርታው ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ ጣቱን ሰድዶ ቢጫዋን ወረቀት በጥንቃቄ ገለጥ አድርጎ አየ፤ ሳቀና መልሶ ለጠፋት። "ከቤታችን ጀርባ ያለው ነው" አለኝ በእንግሊዝኛ። መኪና መንገዱ የሚያልቀው እነሱ ቤት በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። አያቱ አጋዘን ጠባቂ ነበሩ፤ አሁን እናቱ ብቻ አሉ። ቅርብ ጎረቤታችሁ ማነው ብዬ ብጠይቀው አሰበና "አጋዘኖቹ" አለኝ።

እሱና ሜሮን ሊጋቡ ይፈልጋሉ፤ ችግሩ የሜሮን አባት ናቸው። ጋሼ ወንድይፍራው የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲጸልዩ አጭር፣ ሲመክሩ ረጅም። "ፈረንጅ መሆኑ አይደለም የከበደኝ" ብለዋል። "ሰው የለውም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ አንድ ሰው ኮሎምበስ ውስጥ የለም። አገሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ይላክና ይጠይቀኝ። አለዚያ አልመርቅም።" ሜሮን ደግሞ አባቷ ሳይመርቁ ቀለበት አላደርግም ብላለች። ፈርገስ ኮሎምበስን ዞሮ ዞሮ አገሩን የሚያውቅ አበሻ ሲፈልግ ያገኘው እኔን ነው። እኔ ደግሞ አገሩን ያወቅሁት ግድግዳዬ ስለተበሳ ነው።

ጋሼ ደረጄ ኮል አደረገልኝ። ኡበር ይነዳል፤ ሽምግልና የሚባል ነገር ካለ እሱ አይቀርም። ሁሉን ሰው አንተ የሚል፣ ሁሉም ሰው አንተ የሚለው ሰው ነው።

"አንተ ልጅ፣ እሁድ ከቸርች በኋላ ሽማግሌ ነህ።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና ሠላሳ አልሞላኝም።"

"ሽበትህን ይዘህ ና አላልኩህም። ካርታህን ይዘህ ና። የምንሸመግለው እኛ ነን፤ አንተ ታስተረጉማለህ፣ በቃ።"

እሁድ ግን "እኛ" ከተባሉት አንደኛው ሺፍቱ ተቀየረና ሥራ ገባ። ስለዚህ በጋሼ ደረጄ መኪና ወደ ሚነርቫ ፓርክ ስንሄድ፣ ከኋላ ካርታውን እንደ ሕፃን ታቅፌ የተቀመጥኩት እኔ ሙሉ ሽማግሌ ሆኜ ነበር። ከጎኔ ፈርገስ ክራቫት አስሮ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ሙሽራ ሽምግልና ላይ እንደማይገባ ነግረነዋል፤ መኪና ውስጥ ይጠብቃል።

"ስማ" አለኝ ጋሼ ደረጄ በመስታወቱ እያየኝ። "እሺ እስኪሉን አንቀመጥም። ተቀመጡ ቢሉህም አትቀመጥ። ሲጠይቁህ ብቻ መልስ። አሳጥር።"

ማሳጠር ለእኔ ችግር የለውም። ችግሬ ማስተካከል ነው፤ ትክክል ያልሆነ ነገር ሰምቼ ማለፍ አልችልም።

የሜሮን እናት እትዬ አስቴር በሩን ከፈቱልን። "ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ጋሼ ደረጄ። እኔም አልተቀመጥኩም። ሶፋው በጣም የሚያምር ነበር።

ጋሼ ወንድይፍራው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ሰላም አሉን። ሜሮን ከፎቅ የሚወርደው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ የሌለች ለመምሰል ስልኳን ታያለች። ጋሼ ደረጄ ጉሮሮውን ጠረገና ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን፣ ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ እያለ ወረደበት። ንግግሩ ደስ ይል ነበር። ፈርገስን ያወቀው ገና ዛሬ፣ መኪናው ውስጥ መሆኑን ማንም አይጠረጥርም።

"አገሩስ?" አሉ ጋሼ ወንድይፍራው።

"እሱን ይህ ወንድማችን ያስረዳል። የአገሩን እያንዳንዱን ተራራ በስሙ ያውቃል።"

ካርታውን ዘረጋን። የሚሰቀልበት ስላልነበረ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ጋሼ ደረጄ ይዘን እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን ቆምን። ጋሼ ወንድይፍራው መነጽራቸውን አድርገው ተነሱና ጣታቸውን አሳረፉ።

"ይሄ ምን ይባላል?"

"ቀይ ተራራ።"

"እሺ። ይሄኛውስ?"

"ቀይ ተራራ።"

"እሱን ነግረኸኛል። ይሄኛውን ነው ያልኩህ።"

"አዎ ጋሼ፣ እሱም ቀይ ተራራ ነው የሚባለው።"

ጣታቸውን አንስተው ራቅ ያለ ቦታ ላይ አሳረፉ፤ እኔን ለመፈተን እንደሆነ ያስታውቃል። "ይሄስ?"

"ትልቅ ተራራ።"

"ይሄስ፣ ውሃው መሀል ያለው?"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። "እሱም... ትልቅ ተራራ ነው ጋሼ።"

ጋሼ ወንድይፍራው ከመነጽራቸው በላይ ወደ ጋሼ ደረጄ ዞሩ። "ደረጄ፣ ይሄን ልጅ ከየት ነው ያመጣኸው?"

"ትንሽ ደንግጦ ነው" አለ ጋሼ ደረጄ። "ለምሳሌ ይሄ ሰማያዊው ሰንሰለት፣ የልጁ አገር ነው። ሰማያዊ ተራራ! ስሙ ራሱ እንዴት ያምራል!"

ዝም ማለት ነበረብኝ። "ይቅርታ፣ የአገሩ ሰዎች ግን ቀይ ነው የሚሉት" አልኩ።

"ሰማያዊውን?"

"አዎ።"

"ቀይ ነው ሰማያዊ ነው?"

"ሁለቱም ነው ጋሼ።"

እትዬ አስቴር በሐዘን አዩኝ። ክንዴ ስለዛለ ስኮትላንድ ከላይ እስከ ታች ትርገበገባለች። ጋሼ ወንድይፍራው የቀረችኝን ዕድል ሊሰጡኝ ይመስላል ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄዱ። "ይቺስ? ለብቻዋ ያለችው?"

"ልጃገረዲቱ ትባላለች። ከመንገድ እጅግ የራቀችው እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ተሂዶም ብዙ ሰው ሳይደርስባት ይመለሳል።"

"አሃ!" አሉና ደረጃው ላይ ወደተቀመጠችው ልጃቸው አየት አደረጉ። "ይሄማ የሚገባው ሕዝብ ነው።" ጋሼ ደረጄ በካርታው ሥር በእግሩ ነካ አደረገኝ፤ ቀጥል፣ ይዘነዋል ማለቱ ነው።

"ታዲያ የልጁ ቤት የታለ?"

በአገጬ አሳየኋቸው። ጣታቸው መንገዱን ተከትሎ፣ መንገዱ ሲያልቅ እሱ ሳያልቅ፣ ቢጫዋ ወረቀት ላይ ደረሰ።

"ይሄን ለምን ሸፈንከው?"

ሰው ውሸት ሲያስፈልገው የት ነው የሚያገኘው? እኔ ፈልጌ አላገኘሁም። ወረቀቷን ነቀሏት፤ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው በእንግሊዝኛ አነበቡ። "ዘ ዴቪልስ ፖይንት።"

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"የሰይጣን ጫፍ?"

"በኢየሱስ ስም!" አሉ እትዬ አስቴር።

"ስም ብቻ ነው እኮ" አለ ጋሼ ደረጄ፤ ድምፁ ግን ቀጥኗል።

"ስም ብቻ? ሰው የሚኖርበትን ቦታ በሚያከብረው ነው የሚሰይመው። የልጁ ቤት በር ላይ ቆመህ ቀና ስትል የምታየው ይሄን ነው። ሰው የማይደርስበት ቦታ፣ መንገድ የሌለው፣ ጎረቤት የሌለው፣ ከኋላው ሰይጣን!" መነጽራቸውን አወለቁ። "ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መልሴን ሰምታችኋል።"

"ዳድ፣ ፕሊስ" አለች ሜሮን። ስልኳን አስቀምጣዋለች። ፊቷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ባላየው ይሻለኝ ነበር። ጋሼ ደረጄ ካርታውን መጠቅለል ጀምሮ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ቃል ትክክል አይደለም።

"ጋሼ፣ ትርጉሙ ስህተት ነው" አልኩ።

"የቱ?"

"ጫፍ የሚለው። ጌሊኩ እንደዚያ አይልም።"

"ምን ይላል ታዲያ?"

"በሰው ፊት አይባልም።"

"ከሰይጣን የባሰ ምን አለና ነው የማይባለው? በል!"

"በጆሮዎ ይሁን።"

የያዝኩትን ጫፍ ለእትዬ አስቴር አስረከብኩ፤ ግራ ገብቷቸው ተቀበሉኝ። ወደ ጋሼ ወንድይፍራው ጆሮ ተጠጋሁና መጀመሪያ መጻሕፍት ላይ የሚጻፈውን ጨዋ ቃል ተጠቀምኩ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። እንዲህ ካለ ሰው ጋር በመጽሐፍ ቋንቋ እንደማይሆን ገባኝና እረኞች የሚሉትን ቃል አንሾካሾኩ።

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀሳቀሰው። ሊቆጡ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ከዚያ ሆዳቸው፣ ከዚያ ሙሉ ሰውነታቸው። ሳቁ ሲወጣ ወንበሩን ይዘው ነው የቆሙት።

"ማነው እንዲህ ያለው?" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

"እዚያው የሚኖሩት ሰዎች።"

"ፈርተውት ነው ወይስ ሰድበውት?"

አሰብኩበት። "የፈራ ሰው እንዲህ የሚል አይመስለኝም።"

"አይልም! የፈራ ሰው እንኳን ሊሰይመው ቀና ብሎም አያየው! ታዲያ ጫፍ ያለው ማነው?"

"ንግሥት መጥታ ብትጠይቃቸው አፍረው ነው ይባላል።"

ሳቃቸው ድንገት ቆመ። ወደ ባለቤታቸው አዩ፤ እትዬ አስቴር አሁንም የስኮትላንድን ጫፍ እንደያዙ ናቸው። ከዚያ ኮሌታዬን ይዘው ጆሮዬን ወደ አፋቸው ሳቡት። የተወለዱበት መንደርም ከመኪና መንገድ ግማሽ ቀን በእግር ነው አሉኝ። ከላዩ ኮረብታ አለ። ካድሬዎች መጥተው ስሙን ሲጠይቁ የመንደሩ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩና "የሰላም ኮረብታ" አሉ፤ እንዲያው ተመዘገበ። እውነተኛውን ስም ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም። ከሰይጣን ጋር ግንኙነት የለውም፤ የቀረው ግን ያው ነው።

"ይቺን ስጠይቅ አባቷ 'አገርህ ማን ይባላል?' አሉኝ" ብለው ቀጠሉ ትንፋሻቸው ጆሮዬን እያቃጠለው። "ከተሜ ናቸው፣ ምን ልበላቸው? እስከ ዛሬ የሰላም ኮረብታ ነው የምታውቀው። ልጃችንን እንኳ 'ሰላም' እንበላት ብላ ስንት ለምናኛለች መሰለህ!"

ቀና አሉና ክራቫታቸውን አስተካከሉ። "ተቀመጡ" አሉን።

ጋሼ ደረጄ ቃሉ ሳያልቅ ሶፋው ላይ ነበር። እኔ እሺ መባላችንን የተረዳሁት ሜሮን ደረጃውን በሩጫ ወርዳ ወደ ውጭ ስትወጣ ነው። እትዬ አስቴር እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ምክንያቱን ስላላወቁ መለሱት። "ምንድነው የተባባላችሁት?"

"የትርጉም ጉዳይ ነው" አሉ ጋሼ ወንድይፍራው።

ፈርገስ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ጋሼ ወንድይፍራው ትከሻውን ይዘው ዓይኑን አይተው እንደገና ሳቁ። ልጁ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። ወዲያው እናቱ ጋ ተደወለ። ስክሪኑ ላይ ሹራብ የደረቡ፣ ጸጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሴትዮ መጡ፤ ከኋላቸው በመስኮቱ አንድ ጥቁር ተራራ ይታያል። የትኛው እንደሆነ ለመናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሰላምታው፣ እንኳን ደስ ያላችሁው ሁሉ በእኔ በኩል አለፈ። ከዚያ ሴትዮዋ በትህትና ጠየቁ፦ የእናንተስ አገር ተራራ አለው? ምን ይባላል?

ተረጎምኩ። ጋሼ ወንድይፍራው መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። እትዬ አስቴር ግን ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩ ይመስል ወደ ስልኩ ተጠጉ።

"የእሱ አገር የሰላም ኮረብታ ነው የሚባለው በላቸው!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ ወንድይፍራው ያዩኝ አስተያየት ግን ከሁሉም ለየት ይላል። በሕይወቴ አውቄ የተሳሳተ ነገር ተርጉሜ አላውቅም። "ዘ ሂል ኦፍ ፒስ" አልኩ።

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ጋሼ ወንድይፍራውን አዩ። ከዚያ በመስኮታቸው ወደ ኋላ ዞር ብለው ተራራቸውን አዩ።

"ያምራል" አሉ። "እዚያ የሚኖሩት ሰዎችስ ምን ይሉታል?"

ይህን አንድም ቃል ሳላዛንፍ ተረጎምኩ።

ጋሼ ወንድይፍራው ስልኩን ከፈርገስ እጅ ወስደው ወደ ፊታቸው አስጠጉት። "ለሠርጉ ሲመጡ በጆሯቸው እነግራቸዋለሁ በልልኝ።"

"ምኑን ነው የምትነግራቸው?" አሉ እትዬ አስቴር።

ጋሼ ወንድይፍራው ስልኩን ለፈርገስ መለሱለት። እትዬ አስቴርም ወደ እኔ ዞሩ።

ካርታውን መጠቅለል ጀመርኩ።